የማን 8 ሰዓት?

ለዝግጅት ክፍሉ፣

ስለ ሹመት ዜናዎች ባወጣችሁት ዘገባ የጎንደር ዘጋቢዎች የማቆያ ገደቡን፣ ማለትም የሹመት መግለጫው ከተባለው ሰዓት በፊት በዜና እንዳይወጣ የሚለውን፣ «ጥሰዋል» ብላችኋል። ከመካከላቸው አንዱን እንኳ አላነጋገራችሁም። ራሳችሁ ባተማችሁት የመግለጫው ፎቶ አናት ላይ ግን «እስከ 8:00 እንዳይወጣ» የሚል ይነበባል። የማን 8 ሰዓት?

ጎንደር ፒያሳ ላይ 8 ሰዓት ማለት ከምሳ በኋላ ነው። በፈረንጅ ሰዓት ለሚሠራ ኮምፒውተር ግን 8:00 ከጠዋቱ 2 ሰዓት ነው። ዜናውን አስቀድሞ ጭኖ በዚያ ሰዓት እንዲለጠፍ ያዘዘ ሰው 6 ሰዓት ሙሉ ይቀድማል። «ከቀኑ 8 ሰዓት፣ በኢትዮጵያ አቆጣጠር» ተብሎ፣ ቀኑም ከነወሩ በየገጹ አናት ቢጻፍ ኖሮ ይህ ሁሉ አይመጣም ነበር። ስህተቱ የጻፈው ነው፤ ያነበበው አይደለም።

ደግሞም ገደብ ስምምነት ነው። ዘጋቢው ሰነዱን ከማየቱ በፊት ተጠይቆ «እሺ፣ እይዘዋለሁ» ማለት አለበት። ሳይጠየቅ በቴሌግራም የተላከለት ሰው የትኛውን ቃሉን አጠፈ?

ወሬው የሚወጣው ከሌላ በኩል ነው። የሹመት ደብዳቤ ግርጌ «ግልባጭ» የሚለውን እዩ፦ ለሰው ሀብት፣ ለፋይናንስ፣ ተሿሚው ለሚለቀው መሥሪያ ቤት፣ ለሚሄድበትም። መዝገብ ቤት ቁጥር ሰጥቶ ማህተም ካረፈበት በኋላ በየጠረጴዛው በስልክ ፎቶ ይነሳል። ከማራኪ እስከ አዘዞ ሰው ሁሉ ካየው በኋላ ዝም እንዲል የሚጠበቀው ጋዜጠኛው ብቻ ነው። ግልባጩ ከሰዓቱ በኋላ ይበተን፤ ተሿሚውም ተነሺውም ቀድመው በቃል ይነገራቸው። ከሾለከ ደግሞ ገደቡ ለሁሉም በአንድ ጊዜ ይነሳ። ለዚህም ስልክ የሚያነሳ አንድ ሰው ይመደብ፤ ቁጥሩም መግለጫው ላይ ይስፈር።

ሹመቱ በምክር ቤት የሚጸድቅ ከሆነማ በሰዓት መገደቡ ራሱ አደገኛ ነው። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 74 መሠረት ሚኒስትር እንኳ የተወካዮች ምክር ቤት እስኪያጸድቀው ድረስ እጩ ነው። ስብሰባው ቢራዘም ሰዓቱ ይደርስና ያልተሾመ ሰው «ተሾመ» ይባላል። «ምክር ቤቱ ድምፅ ከሰጠ በኋላ» ብሎ መጻፍ ይሻላል።

የሚያንገበግበን ይህ ነው፦ አዲስ አበባ ላሉት መግለጫው ቀድሞ ይደርሳል፣ ለእኛ ሰዓቱ ሊሞላ ሲል ይላካል፤ ሲሾልክ ግን መጀመሪያ የሚጠራው የጎንደር ስም ነው። እናንተም ያንኑ ደገማችሁት።

ማረሚያው ዘገባው በወጣበት ቦታ፣ በዚያው የፊደል መጠን ይውጣ፤ «ጥሰዋል» የሚለውም ይነሳ።

ከጎንደር