ባትሪው ለ20 ዓመት፣ በጀቱ ለ3 ዓመት፦ ለምርምር ገንዘብ መዳቢው መሥሪያ ቤት ኃላፊ ግልጽ ደብዳቤ

ክቡር ኃላፊ፣ ጤና ይስጥልኝ።

ይህን ደብዳቤ በግልጽ የጻፍኩት ጉዳዩ የእኔ ብቻ ስላልሆነ ነው። በኃይል ማከማቻ፣ በታዳሽ ኃይልና በአዳዲስ ቁሶች ላይ የሚሠራ ተመራማሪ ሁሉ ኮሪደር ላይ ቆሞ የሚያማው ነገር ነው። እርስዎ ፊት ሲቀርብ ግን ፕሮፖዛሉን አሳምሮ ዝም ይላል። አይፈረድበትም፤ የሚቀጥለውን ገንዘብ የሚፈርሙት እርስዎ ነዎት።

እኔ ዛሬ ልናገር። መሥሪያ ቤትዎ ገንዘቡን የሚሰጠን ለሦስት ዓመት ነው። በጥሪው ላይ የሚጠይቀን ደግሞ ሃያ ዓመት የሚያገለግል ባትሪ፣ ሃያ አምስት ዓመት የሚቆይ ሶላር ነው። እነዚህ ሁለት ቁጥሮች አንድ ወረቀት ላይ ተቀምጠው እንዴት እስካሁን እንዳልተጣሉ ይገርመኛል።

እስቲ አንድ ሴል፣ ማለትም የባትሪን ትንሿን አሃድ፣ ከቅርብ እንይ። አዲስ ቁስ ሲሠራ መጀመሪያ የሚሞከረው ሳንቲም በምታህል ሴል ነው። ስፋቷ 20 ሚሊሜትር፣ ውፍረቷ 3 ሚሊሜትር ከምናምን። የምትገጣጠመው በአርጎን ጋዝ በተሞላ የታሸገ ሳጥን ውስጥ ነው፣ ሊቲየም እርጥበት ካገኘው ይበላሻላ። ተማሪው እጁን ሳጥኑ ላይ በተገጠመው ወፍራም የጎማ ጓንት ውስጥ ይከትና በወረንጦ ካቶዱን (የባትሪውን አዎንታዊ ጫፍ) ያስቀምጣል፣ ስስ መለያ ፊልም ይደርብበታል፣ ጥቂት ጠብታ ኤሌክትሮላይት (በሁለቱ ጫፎች መካከል ቻርጅ የሚያሻግረውን ፈሳሽ) ያንጠባጥባል፣ ሌላው ጫፍ የሚሆነውን ሊቲየም ያክልበታል፣ ክዳኑን ገጥሞ በመጭመቂያ ያሽጋታል። ፊልሟ ትንሽ ተንሸራትታ ከሆነ ሴሏ አለቀላት። ካልተንሸራተተች ወጥታ ቻርጅና ዲስቻርጅ የሚያደርግ መሣሪያ ላይ ትሰካለች። አንድ ሴል የመሣሪያውን አንድ መሰኪያ፣ ማለትም አንድ ቻናል፣ ይይዛል፤ ሙከራው እስኪያልቅ ያን ቻናል ሌላ ሰው አይነካውም።

አሁን ሒሳቡ። በሦስት ሰዓት ሞልቶ በሦስት ሰዓት የሚያልቅ ባትሪ አንድ ዙሩ 6 ሰዓት ነው። 1,000 ዙር ማለት 6,000 ሰዓት፣ ማለትም 250 ቀን ነው፤ ያውም ኤሌክትሪክ ሳይቋረጥ፣ መሣሪያው ሳይበላሽ። ከኤሌክትሪክ መረብ ጋር የሚገናኝ ባትሪ በቀን አንዴ ብቻ ቢሠራ እንኳን በ15 ዓመት ውስጥ ወደ 5,500 ዙር ይሄዳል። ይህን ሁሉ ከላይ ባልነው ፍጥነት ላብራቶሪ (ላብ) ውስጥ ለመጨረስ አራት ዓመት ሊሞላ ትንሽ ነው የሚቀረው። ፕሮጀክታችን ግን ሦስት ዓመት ነው፤ ከሦስቱም የመጀመሪያው ዕቃ በማስገዛትና ተማሪ በመፈለግ ያልቃል።

"አፍጥኑታ!" ይሉ ይሆናል። እናፈጥናለን። የታወቀው መንገድ ማሞቅ ነው፤ ሙቀት ሲጨምር ባትሪውን የሚያስረጁት ኬሚካላዊ ለውጦች ይፈጥናሉ። ችግሩ ሁሉም እኩል አይፈጥኑም። 60 ዲግሪ ላይ የሚነሳ ጣጣ 25 ዲግሪ ላይ ጨርሶ ላይመጣ ይችላል፣ 25 ዲግሪ ላይ ቀስ ብሎ የሚገድለው ደግሞ 60 ላይ በሌላው ተሸፍኖ ሳይታይ ያልፋል። ሌላም አለ። ባትሪ የሚያረጀው ሲሠራ ብቻ አይደለም፣ ቁጭ ብሎም ያረጃል። ዙሩን ባጣደፍነው ቁጥር ቁጭ ብሎ የሚያረጅበትን ጊዜ እንነፍገዋለን፣ ከዚያ "ጎበዝ ነው" ብለን እንጽፋለን። በጫጉላ ሳምንት አይቶ ስለ ሠላሳ ዓመት ትዳር እንደመመስከር ነው።

ለሪፖርት ከምናቀርባቸው ቁጥሮች አንዱን ልንገርዎ፣ ምክንያቱም እዚህች ጋ ብዙ ገንዘብ ይባክናል። ባትሪ በአንድ ዙር ከገባበት ቻርጅ ውስጥ ምን ያህሉን መልሶ እንደሚሰጥ የሚለካ መቶኛ አለ። ተመራማሪው "99.9 በመቶ" ብሎ ሲጽፍልዎ ደስ ይላል፣ ምን ቀረው? ግን ትርፍ ሊቲየም በሌለው እውነተኛ ባትሪ ውስጥ በየዙሩ አንድ ሺህኛው እየጠፋ ከሄደ ከ1,000 ዙር በኋላ የሚቀረው 37 በመቶ ብቻ ነው። ቁጥሩ 99.99 ቢሆን ደግሞ 90 በመቶ ይቀራል። ልዩነቱ ያለው ብዙ ላብ ውስጥ ያለው መሣሪያ በቅጡ ለይቶ ሊያየው በማይችለው አሃዝ ላይ ነው።

በትንሿ ሴል ውስጥ ደግሞ ያ ጉድለት አይታይም። ለምን? ከሚያስፈልገው በላይ ወፍራም ሊቲየም ገብቶባታል፣ ከሚያስፈልገው በላይ ኤሌክትሮላይት ፈስሶባታል። የጠፋው በትርፉ እየተተካ ግራፉ ቀጥ ብሎ ይሄዳል። ጆርናሉ ይቀበላል፣ እርስዎ ጋ "የተሳካ ፕሮጀክት" ተብሎ ይመዘገባል። ያው ቁስ ኤሌክትሮላይት ተቆጥቦ በተሞላበት እውነተኛ ባትሪ ውስጥ ሲገባ ግን ቶሎ ይደክማል። ልብ ይበሉ፣ ማንም አልዋሸም። ስንት ኤሌክትሮላይት እንደገባ፣ ሊቲየሙ ምን ያህል ውፍረት እንደነበረው፣ ስንት ሴል ተሠርቶ ስንቱ እንደሞተ አልተጻፈም፣ ያ ብቻ ነው። ጻፉ ብሎ ያስገደደም የለም።

ሶላሩም ጋ ያው ነው። ፔሮቭስካይት የሚባለው ቁስ እ.ኤ.አ. በ2009 (ዓመቶቹን ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር እቀጥላለሁ) ጃፓን ውስጥ የጹቶሙ ሚያሳካ ቡድን ሶላር ሴል አድርጎ ሲሞክረው ብቃቱ፣ ማለትም ከብርሃኑ ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጠው ድርሻ፣ 3.8 በመቶ ነበር። ዛሬ ላብ ውስጥ ከ26 በመቶ አልፏል። ሲሊከን እዚህ ለመድረስ አሥርት ዓመታት ፈጅቶበታል፣ ስለዚህ ጉድ የሚያሰኝ ነው። ነገር ግን ገበያ ላይ ያለው ሲሊከን ፓነል 25 ዓመት ዋስትና ይዞ ይሸጣል፤ ፔሮቭስካይት ደግሞ እርጥበት፣ ሙቀትና ብርሃን ሲረባረቡበት ምን ያህል እንደሚቆይ ነው ዋናው ጥያቄ። ታዲያ ሁሉም ሰው የሚሮጠው ለብቃት ሪከርዱ ነው። ብቃት በደቂቃዎች ይለካል፣ ዕድሜን ለመለካት ግን ዓመታት ይፈጃል። ሦስት ዓመት የተሰጠው ሰው የቱን እንደሚመርጥ እርስዎም ያውቁታል።

ረጅም ልኬት ምን እንደሚያስገኝ ለማየት ስዊዘርላንድ፣ ሉጋኖ አካባቢ ያለውን የሶላር ጣቢያ ይመልከቱ። በ1982 ተተከለ፤ 10 ኪሎዋት፣ 288 ፓነል፣ በአውሮፓ ከኤሌክትሪክ መረብ ጋር የተገናኘ የመጀመሪያው። ዛሬ በመጠኑ ከቁም ነገር የሚቆጥረው የለም። ግን እዚያው ያሉ ተመራማሪዎች መለካታቸውን አላቆሙም። ከ35 ዓመት በኋላ ሲመዘን ከፓነሎቹ 60 በመቶ ገደማ የሚሆኑት ከመነሻ ኃይላቸው ከ80 በመቶ በላይ ይዘው ተገኙ። ይበልጥ የገረመኝ ሌላው ነው። ከአንድ ፋብሪካ የወጡ አንድ ዓይነት ፓነሎች ሆነው ሳለ እርጅናቸው ለየቅል ነበር፣ ሲመረመር ሴሎቹ የታሸጉበት ፕላስቲክ የተለያየ ሆኖ ተገኘ። በሦስተኛው ዓመት "ተጠናቋል" ተብሎ ቢዘጋ ኖሮ ይህን ማን ያውቅ ነበር?

በባትሪው በኩል ካናዳ፣ ዳልሁዚ ዩኒቨርሲቲ የጄፍ ዳን ቡድን አለ። በ2019 እስከ ሦስት ዓመት ያለማቋረጥ የተለኩ ሴሎችን ውጤት ዘርዝረው አወጡ፣ ሌላው ተመራማሪ "ከዚህ የተሻለ አለኝ" ከማለቱ በፊት ራሱን የሚያመዛዝንበት እንዲሆን። ይህን ማድረግ የቻሉት ጎበዞች ስለሆኑ ብቻ አይደለም። ቡድኑ ከ1996 ጀምሮ ለሃያ ዓመት ከስሪኤም ኩባንያ ጋር፣ ከ2016 ወዲህ ደግሞ ከቴስላ ጋር የሠራ ነው። ገንዘቡ ሳይቆራረጥ ሲመጣ ሴሉም ሳይነቀል ይቆያል።

እኛ ጋ የሚሆነውን ልንገርዎ። ፕሮጀክቱ ባለቀ ማግስት ቻናሎቹ ለሚቀጥለው ፕሮጀክት ስለሚፈለጉ ሴሎቹ ይነቀላሉ። ገና እየሠሩ! ነጭ ፕላስተር ላይ በእስክሪብቶ የተጻፈ ቁጥራቸው እንደተለጠፈ ፕላስቲክ ሳጥን ውስጥ ይጣላሉ። ተማሪው ተመርቆ ይሄዳል፣ ፋይሉ በአሮጌ ላፕቶፑ ውስጥ ይቀራል። ከሁለት ዓመት በኋላ ሌላ ተማሪ ያንኑ ሙከራ ከዜሮ ይጀምራል፣ በእርስዎው ገንዘብ።

መቀጠል የሚፈልግ ሰውስ? አዲስ ፕሮፖዛል ያስገባል። ቅጹ ላይ የመጀመሪያው ጥያቄ "የምርምሩ አዲስነት ምንድን ነው?" ይላል። የዛሬ ሦስት ዓመት የተሰካ ሴል አራተኛ ዓመት ልኬት አዲስነቱ ምኑ ላይ ነው? አራተኛ ዓመቱ መሆኑ ላይ ነዋ! ይህን ግን ገምጋሚው አይቀበልም፣ ስለዚህ ተመራማሪው ሴሉን ጥሎ ስሙ የሚያምር አዲስ ቁስ ፍለጋ ይሄዳል።

የሕዝብ ገንዘብ ነው፣ ውጤቱ መታየት አለበት የሚለውን ክርክር አውቀዋለሁ፣ እኔም እስማማበታለሁ። "ዝም ብላችሁ ስጡን" አላልኩም። ግን የባትሪን ታሪክ ያየ ሰው በሦስት ዓመት ሪፖርት ብዙ አይተማመንም። የሊቲየም ባትሪን ስታንሊ ዊቲንግሃም በ1970ዎቹ ኤክሶን በሚባለው የነዳጅ ኩባንያ ውስጥ ጀመረው፣ ኩባንያው ተወው። ጆን ጉድኢነፍ በ1980 ኦክስፎርድ ላይ ኮባልቱን ካቶድ አመጣ። አኪራ ዮሺኖ በ1985 ጃፓን ውስጥ አንድ ላይ አገጣጠመው፣ ሶኒ ገበያ ያወጣው በ1991 ነው። የኖቤል ሽልማቱ ለሦስቱ ሲሰጥ 2019 ሆኖ ጉድኢነፍ 97 ዓመታቸው ነበር። በ1997 ከዚሁ ሰው ላብ፣ ቴክሳስ ላይ፣ የብረት ፎስፌት ካቶድ ሲወጣ ኤሌክትሪክ በደንብ አያስተላልፍም ተብሎ ብዙም ተስፋ የጣለበት አልነበረም። ቅንጣቶቹ አንሰው ካርቦን ሲለበሱ ነው ነፍስ የዘራው። ዛሬ ለኤሌክትሪክ መረብ በሚተከሉ ባትሪዎች ላይ እሱ ነው የነገሠው።

ታዲያ ምን ይደረግ ነው የምለው? የተጋነነ ነገር አልጠይቅም። ፕሮጀክት ሲዘጋ ሴሎቹ እንደተሰኩ እንዲቀጥሉ የሚያደርግ ትንሽ የተከታይ በጀት ይኑር። ለዓመታት የሚዘልቅ፣ "አዲስነት" የማይጠየቅበት። የሚያስፈልገው ለኤሌክትሪክ፣ ለመለዋወጫና ለአንድ ቴክኒሻን ደመወዝ ነው። ቴክኒሻኑን አደራ። ተማሪ ይመጣል ይሄዳል፣ የትኛው ቻናል ቮልቴጁን እያሳሳተ እንደሚያነብ የሚያውቀው ግን ቴክኒሻኑ ነው፤ እሱን በየፕሮጀክቱ ኮንትራት እየቀጠሩ ማሰናበት ትልቁ ኪሳራችን ነው። ሁሉም ዩኒቨርሲቲ የራሱ ይኑረው አልልም፤ የጋራ የሆነ አንድ ማዕከል ብዙ ላብ ሊያገለግል ይችላል።

ሁለተኛው ምንም አያስወጣችሁም፣ እንዲያውም ነገ ሊጀመር ይችላል። የመጨረሻው ክፍያ የሚለቀቀው ጥሬ ዳታው ለሁሉም ክፍት በሆነ ቦታ ሲቀመጥ ይሁን። የሞቱት ሴሎች ጭምር፣ የኤሌክትሮላይቱ መጠን ጭምር። በ2019 ከስታንፎርድ፣ ከኤምአይቲና ከቶዮታ ምርምር ተቋም የተውጣጡ ሰዎች 124 ሴሎችን እስኪደክሙ አሠርተው ዳታውን ለሁሉም ለቀቁት። ከመጀመሪያዎቹ 100 ዙሮች ተነስቶ የባትሪን ዕድሜ መተንበይ እንደሚቻልም አሳዩ። ያንን ዳታ ባትሪ በእጃቸው ነክተው የማያውቁ የኮምፒውተር ሰዎች ሳይቀሩ ሠርተውበታል። የእኛ ዳታ ያ ላፕቶፕ ውስጥ ነው።

በነገራችን ላይ፣ በበጀት ምክንያት የተቋረጠ ልኬት ተመልሶ አይሞላም። በሃዋይ ማውና ሎአ ተራራ ላይ ከ1958 ጀምሮ የሚለካው የካርቦን ዳይኦክሳይድ መዝገብ እንኳን በ1964 በበጀት ቅነሳ ለጥቂት ወራት ተቋርጦ ነበር። የእነዚያ ወራት ልኬት እስከ ዛሬ የለም።

የሚቀጥለው የፕሮፖዛል ጥሪ ገና አልወጣም፤ ስለዚህ ቅጹን ለማስተካከል ጊዜ አለ። የአዲስነት ጥያቄው ሥር "ወይስ የቀድሞ ልኬት ማስቀጠያ ነው?" የምትል አንዲት ሳጥን ትጨመር፣ የክፍያ አንቀጹ ላይ ደግሞ ስለ ዳታው አንድ ዓረፍተ ነገር። ረቂቁን እኛው አዘጋጅተን ልንልክልዎ እንችላለን። ለማን እንደምንልክ ብቻ ያሳውቁን።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የባትሪ ተመራማሪ