የቡድን ሥራ በሒሳብ ክፍል

ይድረስ ለአዘጋጁ፦

በሰሜን ሸዋ፣ ከደብረ ብርሃን ወጣ ባለ የገጠር ትምህርት ቤት ሒሳብ አስተምራለሁ። ተማሪዎችን በቡድን ማስቀመጥና በትብብር ማስተማር ዛሬም አንድ ተደርገው ይታያሉ። አንድ ጎበዝ ተማሪ ጓደኞቹን እንዲመራ በሚመደብበት በ«አንድ ለአምስት» አደረጃጀት ብዙ ጊዜ ጎበዙ ይሠራል፣ የቀሩት ይገለብጣሉ፣ ውጤቱ ግን ለሁሉም እኩል ይያዛል። አሜሪካዊው ተመራማሪ ሮበርት ስላቪን ሲያስረዱ እንደኖሩት፣ ዘዴው ፍሬ የሚያፈራው ቡድኑ የጋራ ግብ ሲኖረውና የቡድኑም ውጤት እያንዳንዱ አባል ለብቻው በተማረው ላይ ሲመሠረት ነው።

ስለዚህ ተማሪዎቼ በጋራ ከተወያዩ በኋላ ለየብቻ ይፈተናሉ፤ ለቡድኑ የሚያዝለትም እያንዳንዱ ከቀድሞ ውጤቱ ያሻሻለው ነጥብ ነው። በቅርቡ አንዲት ልጅ ግማሽና ሲሶን ደምራ 2/5 ብትል፣ ጓደኛዋ «ታዲያ ከግማሽ አንሶ ቀረ እኮ!» አለቻት፤ የጋራ ታህት ለምን እንደሚያስፈልግ እኔ ደጋግሜ ካስረዳኋት ይልቅ በዚህች አንዲት ቃል ገባት። ተማሪ በታጨቀበት ክፍል ይህን ማድረግ አድካሚ መሆኑን አልክድም፤ ክፍለ ጊዜውም አይበቃም። ሊጎበኙን የሚመጡ ሱፐርቫይዘሮች ግን የቡድኖች ስም ዝርዝር ግድግዳ ላይ መለጠፉን ብቻ አይተው ከሚመለሱ፣ ከየቡድኑ አንዱን አስነሥተው መልሱ እንዴት እንደተገኘ ቢጠይቁ እመርጣለሁ።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፣
የሒሳብ መምህር፣ ሰሜን ሸዋ