ለተረት ነጋሪ አባላት፦ ከቅዳሜ በፊት

ውድ አባላት፣

ቅዳሜ ለልጆች ልትነግሩ የመረጣችሁትን ተረት ቃል በቃል አትሸምድዱ። አንድ ቃል ከጠፋችሁ ሁሉም ይጠፋል። የታሪኩን ሂደት ያዙ፤ በቃል የሚያዘው መግቢያው፣ መዝጊያውና ልጆቹ አብረው የሚሉት አዝማች ነው። አዝማቹ አጭር ይሁን። ድምፅ አውጥታችሁ ተለማመዱ፤ በልብ ማንበብ ልምምድ አይደለም።

ከ3 እስከ 5 ዓመት ላሉት 10 ደቂቃ ይበቃል። መስኮት ከጀርባችሁ አይሁን፤ ፊታችሁ ይጨልምባቸዋል። አስፈሪው ቦታ ላይ ትንንሾቹን ተመልከቱ፤ የአንዱ ፊት ከተለወጠ ወዲያው ቀለል አድርጉት።

መሃል ላይ «እኔም ውሻ አለኝ!» የሚል አይጠፋም። ዝም አታሰኙት። «ያንተስ ይጮሃል? እስቲ እንዴት?» በሉትና ጩኸቱን ተረቱ ውስጥ አስገቡት። (እውነት ለመናገር፣ ብዙ ጊዜ ከኛ ይሻላሉ።)

ሐሙስ ማታ ልምምድ አለ። ወረቀት ይዞ መምጣት የለም!