የመዋኛ ገንዳ በሐምሌ አይደረቅም

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

ኮምቦልቻ ነው የምኖረው፤ ሴራሚክ በመለጠፍ ነው የማድረው። ባለፈው ቅዳሜ ልጄን ለዋና ወስጃት የእግሯን ጣት ሴራሚክ ቆርጧት መጣች። የገንዳው ባለቤት ማን እንደሆነ እዚህ አልናገርም።

ሙያ አይደል፣ ዝም ብዬ መሄድ አቃተኝ። በሳንቲም ዙሪያውን መታ መታ አደረግኩት። ደህናው "ጠቅ" ይላል፤ የለቀቀው ባዶ ቆርቆሮ ይመስል ይጮኻል። አንድ የተሰበረ ሴራሚክ አለ፤ ከእሱ ጎን አራቱ ይጮኻሉ። አንዱን ደግሞ አሮጌው ሲሚንቶ ሳይነሳ ላዩ ላይ ለጥፈውታል፤ ጠርዙ ከሌሎቹ ከፍ ብሏል። ጣቷን የቆረጣት እሱ ነው።

የሚጮኸው ሁሉ በመሮ ይነሳ። አሮጌው ማጣበቂያ እስከ ኮንክሪቱ ይፈልፈል። ከዚያ ለውሃ ውስጥ የተሠራ ማጣበቂያ ከሥሩ ክፍተት ሳይተው ሙሉ ይቀባ። በሴራሚኮቹ መካከል ያለውን ክፍተት በነጭ ሲሚንቶ ብቻ መሙላት ይቅርባችሁ፤ የገንዳው ውሃ አሲድነቱ ከፍ ካለ ቶሎ ይበላዋል። ማጣበቂያው ሳይደርቅ ውሃ መሙላትማ ድካም ነው። ስንት ቀን እንደሚቆይ ከረጢቱ ላይ ተጽፏል፣ ማን ያነባል እንጂ!

አንድ ነገር ግን አደራ። ጥበቃው "ሐምሌ ላይ አድርቀን እንጠግነዋለን" አለኝ። በክረምት መሬቱ ውሃ ጠግቦ ከሥር ይገፋል፤ ባዶ ገንዳ ሊሰነጠቅ፣ ከቦታው ሊነሳም ይችላል። በበጋ ይሁን አልኩት።

ስልኬን ጽፎ ተቀበለኝ። እስካሁን አልደወሉም።

የሴራሚክ ባለሙያው፣ ከኮምቦልቻ