የአካባቢ ጥበቃና አትክልት ክበብ በ2017፦ አሸንዳ ግቢ ገባ

የትምህርት ቤታችን ክበብ ችግኝ ተከላውም የፅዳት ዘመቻውም እንደ ሁልጊዜው ተካሂዷል፣ እሱን ዓመታዊ ሪፖርቱ ላይ ታገኙታላችሁ፣ እኔ ግን የምጽፈው ጨፌ ላይ ስለሚበቅለው ቀይና ቢጫ አበባ፣ ስለ አሸንዳ ነው ምክንያቱም ዘንድሮ ልጆቹ ማንም ሳይጠራቸው ቅዳሜ ሳይቀር እየመጡ የሠሩት እሱን ብቻ ነው።

የደብረ ብርሃንን ብርድ ታውቁታላችሁ፣ ከባህር ወለል በላይ 2800 ሜትር ገደማ ላይ ነን፣ ኅዳርና ታኅሣሥ ውርጩ ሲመጣ በብር የገዛናቸው አበቦች በአንድ ሌሊት ጠቁረው ያድራሉ፣ ክረምት ላይ ደሞ ከላይብረሪው ጀርባ ያለው መሬት ውሃ ቋጥሮ ጭቃ በጭቃ ነው። መስከረም ላይ ምን እንትከል ብለን ስንነጋገር አንድ የ9ኛ ክፍል ልጅ «ቲቸር፣ ጨፌው ላይ ያለውን አሸንዳ ለምን አናመጣም፣ እሱን እኮ በግም አይነካው» አለ፣ ግማሹ ሳቀበት። የግቢያችን ጥበቃ ጋሼማ ጭራሽ ተቆጡ፣ «የግጦሽ መሬት የጨረሰ ተክል ትምህርት ቤት ታስገባላችሁ?» አሉ። እውነት አላቸው፣ ከብት ስለማይበላው ሌላው ሣር ተግጦ ሲያልቅ እሱ ሜዳውን ይወርሰዋል፣ ግን ጥፋቱ የተክሉ ነው ወይስ የኛ የግጦሽ አያያዝ የሚለው ክበቡ ውስጥ ጥሩ ክርክር ሆኖልን ነበር። አጥር ለሌለው አትክልት ቦታ ደሞ ከብት የማይበላው ተክል ማለት እኮ ሎተሪ ነው!

አንዳንዱ የዝንጀሮ አገዳ የሚለው ይሄ ተክል በሳይንሱ ስም ክኒፎፍያ ፎሊዮሳ ይባላል፣ በተፈጥሮ የሚበቅለው ኢትዮጵያ ውስጥ ብቻ ነው፣ ከ2000 ሜትር ትንሽ ከፍ ካለ ቦታ እስከ 4000 ሜትር ድረስ ይገኛል። ባሌ ዲንሾ አካባቢ የሄደ ሰው ሜዳው ሙሉ ቆሞ አይቶት ይሆናል። ዘመዶቹ የሆኑ የደቡብ አፍሪካ ዓይነቶች እየተዳቀሉ የአውሮፓ ሰው ገንዘብ ከፍሎ ጓሮው ይተክላቸዋል፣ እኛ የራሳችንን አረም ብለን እናልፋለን።

ከጨፌው ላይ ግን አልነቀልንም፣ ይሄን ሁሉም ይወቅልኝ። መንገድ ዳር ቦይ ሲቆፈር ተገንድሶ የተጣለውን ነው የሰበሰብነው። ወፍራሙን ሥር እያንዳንዱ ቁራጭ ቡቃያ እንዲኖረው አድርገን ከፋፈልን፣ ረጅሙን ቅጠል ውሃ እንዳያባክን ከግማሽ ቆረጥን፣ ግማሽ ሜትር እያራራቅን ተከልን። ተክሉ እርጥበት ይወዳል፣ ግን አንገቱ ውሃ ውስጥ ካደረ ይበሰብሳል፣ ስለዚህ ላይብረሪው ጀርባ አፈሩን ከፍ አድርገን መደብ ሠራን፣ ውሃው በጎን እንዲያልፍ። ጥቁር ጥቁሯን ዘር ደሞ ልጆቹ በተቆረጠ ሃይላንድ ውስጥ ዘሩት፣ የበቀለው ልክ የሽንኩርት ችግኝ ይመስላል፣ ከዘር የመጣው እስኪያብብ ግን ሁለት ሦስት ዓመት መታገስ ነው። ታኅሣሥ ላይ ውርጩ የቅጠሉን ጫፍ አቃጠለው፣ ሥሩን ምንም አላለውም፣ በልጉ ትንሽ ሲዘንብ እንደገና ከመሃል አቆጠቆጠ።

ግንቦት መጨረሻ ላይ ጥቂቶቹ ዘንግ አወጡ። አበባው ከሥር ወደ ላይ ነው የሚከፈተው፣ የታችኛው ቢጫ ሆኖ ፈክቶ የላይኛው ገና ቀይ እንቡጥ ነው፣ የዚያው የ9ኛ ክፍል ልጅ ታናሽ እህት አንዷን የአበባ ቱቦ ነቅላ በታችኛው ጫፏ በኩል መጠጠቻትና ጣቷ ሁሉ ብናኝ ሆነ፣ «ማር ነው ቲቸር» አለች፣ እኔም ቀመስኩ፣ በጣም ጣፋጭ ነው። ልክ በዚሁ የትምህርት ዓመት ኅዳር ላይ ከባሌ የወጣ ጥናት ነበር፣ ቀይ ቀበሮ የዚህን አበባ ማር እየዞረ ይልሳል ይላል፣ አንዱ ቀበሮ በአንድ ዙር እስከ 30 አበባ ድረስ ይጎበኛል፣ አፍንጫው ላይ ብናኝ ስለሚይዝ አበባውን ሊያራባ ይችላል ነው ሐሳቡ። ከተመራማሪዎቹ አንዱ መጀመሪያ ነገሩን ያስተዋለው የባሌ እረኛ ልጆች አበባውን ሲልሱ አይቶ ነው። ይሄን ሳነብላቸው ክፍሉ ተናጋ! በዓለም ላይ ከ500 በታች የቀረ እንስሳ እንደነሱ ማር መጣጭ መሆኑ ገረማቸው። እኛ ግቢ ቀበሮ ባይመጣም በተከዜ ወንዝ ስም የተጠራችው ጠማማ ምንቃር ያላት ወፍ ጠዋት ጠዋት ትመጣለች፣ ወንዱ ፀሐይ ሲነካው ሐምራዊ ያብረቀርቃል።

የአሸንዳውን ሥር በተመለከተ ወላጆች አደራ። ለሆድ ቁርጠት የሚጠቀሙበት አሉ፣ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው ኬሚስት ኤርሚያስ ዳኘም እ.ኤ.አ. በ1984 ከባልደረባቸው ጋር ክኒፎሎን የሚባል ውህድ ከሱ ማግኘታቸውን አሳትመዋል፣ ግን ልጆቹ ሥሩን ወደ አፍ እንዳያስጠጉ ነግረናቸዋል፣ እናንተም ቤት ድገሙላቸው።

ለሚቀጥለው ዓመት ያሰብነው የፊት ለፊቱን በር ግራና ቀኝ በአሸንዳ መሙላት ነው፣ የደረቀውን ዘንግ ከሥሩ መቁረጥ የ8ኛ ክፍሎቹ ተራ ነው። ጋሼም ቢሆኑ ሰሞኑን ለቤታቸው አንድ ሁለት ቡቃያ ጠይቀውናል፣ ሌላም የሚፈልግ ወላጅ ካለ ክረምቱ ሳይበረታ አፈሩ እርጥብ እያለ ላይብረሪው ጋ መጥቶ ይውሰድ፣ ማዳበሪያ ጆንያ ይዛችሁ ኑ።