ከደጅ ተቀምጦ መሣል ለመንፈስ የሚሰጠው ዕረፍት

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

በጋዜጣችሁ የሥነ ጥበብ ዓምድ ስለ ሥዕል የሚነሣው በአብዛኛው ዐውደ ርዕይ ሲከፈት ወይም አንድ ሥራ በውድ ዋጋ ሲሸጥ ነው። እኔ ግን ለሁለቱም ስለማይበቃው፣ አንድ ሰው የዕረፍት ቀኑን ጠብቆ ከደጅ ተቀምጦ ስለሚሥለው የመልክዓ ምድር ሥዕል ጥቂት ለማለት እወዳለሁ።

ተፈጥሮ ውብ ስለሆነች መንፈስን ታድሳለች የሚለው አባባል እውነትነት ቢኖረውም ሙሉ አይመስለኝም፤ እንጦጦ ወጥቶ ፎቶግራፍ ተነሥቶ የሚመለስ ሁሉ ሐሳቡን እዚያው ጥሎ አይወርድምና። ሥዕል የሚለየው ዓይንን ሥራ ስለሚያስይዝ ነው። የባሕር ዛፍ ግንድ ነጭ ነው ብሎ የጀመረ ሰው ቆይቶ ሲያስተውል፣ የጠዋት ፀሐይ ያረፈችበት ጎኑ ወደ ቢጫ፣ ጥላ የያዘው ደግሞ ወደ ሐምራዊ እንደሚያደላ ይገነዘባል፤ ያንን ሐምራዊ አገኛለሁ ብሎ ሰማያዊውን ከቡናማው ሲያዋህድ ግራጫ ሆኖበት፣ ቀይ ጠብ እያደረገ ሲሞክር የቤት ኪራዩም የመሥሪያ ቤቱም ነገር ከልቡ ይወጣል። ብርሃኑም አይጠብቅም። ረፋዱ ላይ ጥላው እያጠረ ሁሉም ስለሚለወጥ፣ ሠዓሊው ያየውን ሁሉ ልያዝ ማለቱን ትቶ አንዱን መምረጥ ግድ ይሆንበታል። እኔ ከጸሎት ጋር የማዛምደው ይህንን መተው ነው፤ በጾምና በጸሎት ይሥሉ የነበሩት የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊዎቻችንም፣ ተራራና ዛፍን የሥዕላቸው ዋና ጉዳይ ባያደርጉትም፣ የእጅ ሥራና ተመስጦ አብረው እንደሚሄዱ ጠንቅቀው ያውቁ ነበር።

ዕቃውም ቢሆን ብዙ አይደለም። አሜሪካዊው ሠዓሊ ጆን ራንድ በ1841 እ.ኤ.አ. የቀለም ቱቦን እስኪፈለስፍ ድረስ አውሮፓውያን የዘይት ቀለማቸውን የሚቋጥሩት በአሳማ ፊኛ ነበር፤ ዛሬ ለጀማሪ ትንሽ የውኃ ቀለም ሣጥን፣ ወፍራም ወረቀትና አንድ ኮዳ ውኃ ይበቃዋል።

የሚያስቸግረው ሌላ ነው። በከተማችን በአንድ የሕዝብ መናፈሻ የሥዕል ማቆሚያዬን ዘርግቼ ሰማዩን ገና ቀለም ሳስነካ፣ የጥበቃ ሠራተኛው መጥተው «ፈቃድ አለዎት?» ሲሉ ጠየቁኝና ዕቃዬን ሰብስቤ ወጣሁ። በዙሪያዬ የነበሩት ሁሉ በስልካቸው ያንኑ ቦታ እያነሡ ነበር፤ እነርሱን የጠየቃቸው አልነበረም። ሠራተኛው የታዘዙትን ስለፈጸሙ አልወቅሳቸውም፤ መናፈሻዎችን የሚያስተዳድሩት አካላት ግን ለግሉ የሚሥል ሰው ልዩ ፈቃድ ያስፈልገው እንደሆነና እንዳልሆነ በመግቢያው ላይ በጽሑፍ ቢያሳውቁ ለጥበቃውም ለእኛም ይቀላል። ዝግጅት ክፍላችሁ ይህንን ጥያቄ ለሚመለከታቸው ኃላፊዎች አቅርቦ ምላሻቸውን እንዲያስነብበን በትሕትና እጠይቃለሁ፤ ክረምቱ ወጥቶ አየሩ ሲጠራ፣ ከእንጦጦ ዝቋላ ድረስ በሚታይበት በመስከረም መሣል የምንፈልግ ሰዎች ስላለን ምላሹ ከዚያ በፊት ቢደርሰን ደስ ይለናል።

ከአክብሮት ጋር፣
የጋዜጣችሁ አንባቢ፣ ከአዲስ አበባ