ጉዳዩ፦ ውኃ ስላስገባው የዲቴክተር ኮይልና ስለተነፈገኝ ዋስትና

ለሽያጭና ጥገና ክፍል
ቨርጂኒያ

ባለፈው መስከረም ከሱቃችሁ በ640 ዶላር የገዛሁት ሜታል ዲቴክተር (መሬት ውስጥ ያለን ብረት በድምፅ የሚጠቁም መሣሪያ) ሦስት ወር ሳይሞላው ተበላሽቷል። ከነደረሰኙ ይዤው ስመጣ የጥገና ባለሙያችሁ ጥቂት አገላብጠው ካዩት በኋላ «ውኃ ነክቶታል፤ ዋስትናው ውኃን አይሸፍንም» ብለው መልሰውልኛል። ስንገበያይ የተነጋገርነው በአማርኛ ስለነበር ቅሬታዬንም በአማርኛ አቀርባለሁ።

የሰጣችሁኝ መመሪያ ውኃ መንካት የሌለበት ከእጀታው ሥር ያለው የመቆጣጠሪያ ሣጥን መሆኑን፣ መሬት ለመሬት እየሄደ ብረቱን የሚያስሰው ክብ ኮይል ግን ውኃ ውስጥ ቢነከርም እንደማይጎዳ በግልጽ ይናገራል። ሣጥኑን አንድም ቀን ዝናብ አላስመታሁትም፤ ኮይሉም ቢሆን ያገኘው ውኃ የረገፈ ቅጠል የያዘው እርጥበት ብቻ ነው። ጫካ ውስጥ ሳንቲም የሚፈልግ ሰው ቅጠል ሳይነካ ሊሠራ እንደማይችል ሻጩ ከእኔ በላይ ያውቃል።

ብልሽቱ የደረሰው ባለቤቱ በጽሑፍ በፈቀዱልኝ የግል ደን ውስጥ፣ ከአንድ የፈረሰ ቤት የድንጋይ መሠረት አጠገብ ነው (በፌዴራል መሬት ላይ 100 ዓመት የሞላውን ቅርስ ያለ ፈቃድ መቆፈር በ1979 በወጣ ሕግ የተከለከለ በመሆኑ ወደዚያ ድርሽ አልልም)። ጠዋት መሣሪያው ጥርት ባለ ድምፅ ጠቁሞኝ፣ ስንዝር ከማይሞላ ጥልቀት ኢንዲያን ሄድ የሚባለውን የ1897 የነሐስ ሳንቲም አወጣሁ። ከቀትር በኋላ ግን ኮይሉ የዛፍ ሥር በነካ ቁጥር ብረት በሌለበት ይጮህ ጀመር፤ ለሙከራ የያዝኩትን፣ 90 በመቶው ብር የሆነ የ1964 ዳይም (የአሜሪካ አሥር ሳንቲም) ቅጠል ላይ ሳስቀምጥለት ደግሞ ጭራሽ ዝም አለ። ቤት ገብቼ ጆሮዬ አጠገብ ሳነቃንቀው ውስጡ ውኃ ይንቦጫረቃል። የላይኛውና የታችኛው ሽፋን በሚጋጠሙበት ጠርዝ ላይ ሁለት ጣት የሚያህል ቦታ ሙጫ አልተቀባም፤ ክፍተቱም የፀጉር ያህል ቀጭን ነው። ባለሙያችሁ ይህንን ጠርዝ አላዩትም፤ የፈቱት ሣጥኑን ነበር፣ ሣጥኑም ደረቅ ነበር።

ስለዚህ ኮይሉ በዋስትናው መሠረት በአዲስ እንዲተካልኝ፣ ይህ ካልተቻለ የከፈልኩት ገንዘብ እንዲመለስልኝ እጠይቃለሁ። ኮይሉን ከፍታችሁ መመርመር ከፈለጋችሁ እኔ ባለሁበት ይከፈት። መልሳችሁን በ15 ቀን ውስጥ በጽሑፍ እጠብቃለሁ።

ከሰላምታ ጋር
ደንበኛችሁ

አባሪ፦ የደረሰኙ ቅጂና የጠርዙ 3 ፎቶግራፎች